ሕግ የሚመዘግበው ጋብቻና ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ጋብቻ

ጋብቻ በሦስት ስፍራ ይታወቃል። በቤተ ሰብ ዘንድ በሽምግልናና በድግስ፥ በመንግሥት ዘንድ በውልና በመዝገብ፥ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ በጸሎተ ተክሊልና በቅዱስ ቍርባን ይታወቃል። ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ደስታው ሙሉ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ያወቀውን ሌላው ሳያውቀው የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዘመናችን ይህ ልዩነት ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቶ ስለ ታየና ከምእመናንም ዘንድ ጥያቄ ስለ በዛ፥ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በየመልኩ ለይተን ለማየት አስበናል።

ጥያቄው ይህ ነው። በውጭ አገር፥ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮፓ፥ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሁለት ሰዎች የሚፈጽሙትን ውል የመንግሥት ሕግ ጋብቻ ብሎ ያውቀዋል። ከሁለቱ አንዱ የሌላ አገር ተወላጅ ቢሆን፥ በዚህ ውል ምክንያት የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። በዚያ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ይህን እንዴት ይመልከተው? ሃይማኖቱ የማትቀበለውን ነገር የሚኖርበት አገር በሕግ ሲያጸናው ምን ይበል? በዚህ ሕግ የሚገባውን እንግዳስ በምን ዓይን ይየው?

ገሚሶቹ፥ «ሕጉ ከፈቀደ ቤተ ክርስቲያንም ከዘመኑ ጋር ብትሄድ ምን ይጐዳታል?» ይላሉ። ገሚሶቹ ደግሞ፥ «እንዲህ ያለውን ሰው ማዋረድና ማሳደድ የሃይማኖት ቅንዐት ነው» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን ሁለቱም በአንድ ስሕተት እንደሚገናኙ እናያለን። ይኸውም የመንግሥትን መዝገብና የቤተ ክርስቲያንን ምሥጢር አንድ ነገር አድርገው መቍጠራቸው ነው። ፊተኛው መዝገቡን አይቶ ምሥጢሩን ሊለውጥ ይሻል፤ ሁለተኛው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ሲል ሰውን ከመዝገብም፥ ከአገርም፥ ከሰውነትም ሊያወጣ ይሻል።

፩. ነገሩ በሕግ በኩል የሄደበት መንገድ

ባልመረመሩት ነገር መፍረድ ለዳኛም ለካህንም ነውር ነውና፥ አስቀድመን የሕጉን ታሪክ በአጭሩ እንናገራለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በ1965 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ፥ ሰውን በትውልድ አገሩ ኮታ መወሰንን አስቀርታ ቤተ ሰብን ማገናኘትን ዋና መሠረት አደረገች። የአገሪቱ ዜጋ የሆነ ሰው ባሉን ወይም ሚስቱን ለማስመጣት ሲያመለክት፥ በየዓመቱ የሚወሰነው የሰው ቍጥር አያግደውም። ስለዚህ «ባል» እና «ሚስት» የሚሉት ቃላት በዚያ ሕግ ውስጥ እንደ በር መክፈቻ ናቸው። ሕጉ ባልና ሚስት ያላቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ ያላላቸው ግን ሃያ ዓመት አብረው ቢቈዩ እንኳ ባሕር ይለያቸዋል።

ይህ በር ተመሳሳይ ጾታ ላላቸው ሰዎች ለብዙ ዘመን ዝግ ነበር። እንዲያውም በ1952 የወጣው ሕግ፥ እንዲህ ያለ ጠባይ አላቸው የተባሉትን ሰዎች ጭራሽ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ለመከልከል ይሠራበት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1967 ይህን አጽንቶ ፈረደ። ክልከላው የተነሣው በ1990 ነው። በ1975 በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር አንዲት የመዝገብ ሹም ለጥቂት እንዲህ ላሉ ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ ሰጥታ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዱ አሜሪካዊ ሌላው የአውስትራልያ ዜጋ የሆኑ ሁለት ሰዎች ይህን ይዘው ለመኖሪያ ፈቃድ አመለከቱ። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከቻቸውን በመከልከል ብቻ አልተወሰነም፤ በጻፈላቸው መልስ ላይ በመንገድ የሚሰማ የስድብ ቃል ጨመረበት። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1982 ክልከላውን አጸና። በ2014 የዚያን መሥሪያ ቤት ስፍራ የያዘው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለ ተጻፈው ስድብ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ግን ከዚያ በፊት ሞቶ ነበር።

በ1996 የአሜሪካ ምክር ቤት፥ በማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ሁሉ ጋብቻ ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አንድነት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ከዚህም የተነሣ፥ የማሳቹሴትስ ግዛት በ2004 ከግዛቶቹ ፊተኛ ሆና እንዲህ ያለውን ጋብቻ ብትፈቅድም፥ የስደተኞች ጉዳይ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ነውና የመኖሪያ ፈቃድ አላስገኘም። በ2013 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አምስት በአራት በልጠው ያንን አንቀጽ ሻሩት፤ ወዲያውም ማመልከቻው ይታይ ጀመር። በ2015 ያው ፍርድ ቤት ጋብቻውን በግዛቶቹ ሁሉ አጸና፤ በ2022 ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ በሕግ ደነገገው። ይህ የ2022 ሕግ፥ አብያተ ክርስቲያናትና የሃይማኖት ማኅበራት እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንዲፈጽሙ ወይም እንዲያከብሩ አይገደዱም የሚል ቃል ያለበት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በአውሮፓ ሆላንድ በ2001 ከዓለም ፊተኛ ሆነች፤ ብዙዎችም ተከተሏት። ሕዝባቸው በብዛት ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ አገሮች መካከል ግሪክ በ2024 በምክር ቤቷ 176 ድምፅ በ76 ላይ በልጦ ሕጉን አጸደቀች፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ግን አልተቀበለችውም።

በአገራችን ይህ የመዝገብ ጥያቄ አይነሣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ራሱን ይቀጣልና። ነገር ግን ልጆቻችን በዋሽንግተን፥ በለንደንና በስቶክሆልም ይኖራሉ፤ በዚያም ታቦት ገብቶ፥ ቅዳሴ ተቀድሶ፥ ሕፃናት ይጠመቃሉ። የእነርሱ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

፪. ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው

ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረው ትምህርት በዘመን ብዛት የተጠራቀመ ልማድ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ፥ ሁለቱም አንድ ሥጋ ይሆኑ ዘንድ እንደ ወሰነ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ የባልና የሚስትን አንድነት በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን አንድነት መስሎ አስተማረ። ፍትሐ ነገሥታችንም በ24ኛው አንቀጽ የሁለቱን ፈቃድ፥ የካህናትን ጸሎትና የቅዱስ ቍርባንን ነገር አስተባብሮ ሥርዐቱን ደንግጓል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ በማቴዎስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ልናስተውል ይገባናል። ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታችን ሙሴ የፈቀደውን ጽሕፈት የነገሩ ፍጻሜ አላደረገውም። ያ ፈቃድ ስለ ልባቸው ጥንካሬ የተሰጠ መሆኑን ገልጦ፥ ወደ ጥንተ ተፈጥሮ መለሳቸው። ስለዚህ በሕግ የተፈቀደ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደደ አለመሆኑን የተማርነው ዛሬ አይደለም፤ ሕጉ የሙሴ በሆነበት ስፍራ እንኳ ተምረነዋል። ሕጉ የምክር ቤት ሲሆንማ እንዴት ይደንቀናል?

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ሁለት ሰዎች ተክሊል ልትደፋላቸው፥ አንድነታቸውንም ጋብቻ ብላ ልትባርክ አትችልም። «አትፈልግም» ሳይሆን «አትችልም» ማለታችንን ልብ በሉ። ቤተ ክርስቲያን የምሥጢር መጋቢ ናት፤ መጋቢ ደግሞ የጌታውን ግምጃ ቤት ይከፍታል ይዘጋል እንጂ በውስጡ ያለውን ዕቃ በራሱ ፈቃድ አይለውጥም። ያልተቀበልነውን ልንሰጥ አይቻለንም።

ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚከብረው በሌላው ላይ ብቻ ሲነገር አይደለም። ያው 19ኛው ምዕራፍ ሚስቱን በቀላል ምክንያት የሚፈታውን ባል ይወቅሳል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ፈትቶ ያገባ፥ ልጆቹን በየመንደሩ የበተነ ሰው በማኅበር ጽዋ ላይ ተቀምጦ ስለ ባዕድ አገር ሕግ ሲቈጣ እንሰማለን፤ ስለ ራሱ ግን የሚጠይቀው የለም። ይህ ቍጣ ከምዕራፉ ግማሹን ያነበበ ሰው ቍጣ ነው።

፫. ሰማንያና ቍርባን

መዝገብና ምሥጢር የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት በቤታቸው ኖረውበታል።

በአገራችን ሰው በሰማንያ ያገባ ነበር፤ ዛሬም ያገባል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፥ ዋሶች ተጠርተው፥ ውሉ ይነገራል፤ ባልና ሚስቱ በንብረታቸው እኩል ይሆናሉ፤ ልጆቻቸው ይወርሳሉ፤ ነገር ሲነሣ ዳኛ በውሉ ይፈርዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዐትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ያውቃሉ። እንግዲህ በሰማንያ የተጋቡት በሕግ ፊት ባልና ሚስት ናቸው። ነገር ግን በቍርባን እስካልተጋቡ ድረስ ወደ ሥጋ ወደሙ አይቀርቡም ነበር። የተከበረ ባላባት፥ ለቤተ ክርስቲያን መሬት የሰጠ፥ ጾሙንና በዓሉን የሚያከብር ሰው፥ በቅዳሴ ጊዜ በቅጥሩ ቆሞ ሳይቈርብ ይመለስ ነበር።

በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፥ ቤተ ክርስቲያን የሕጉን ጋብቻ ምሥጢር ብላ አልጠራችውም፤ ባላባቱም ስለ ተከበረ ሥርዐቷን አልለወጠችለትም። ሁለተኛ፥ ምሥጢሩን ስለ ከለከለችው አልሰደበችውም፤ ርስቱን ቀሙት አላለችም፤ ከመንደሩ አላሳደደችውም። ልጁን አጥምቃለች፥ በሞተ ጊዜም ፍትሐት አድርሳለታለች። የተክሊል መከልከል የጥላቻ ምልክት ቢሆን ኖሮ፥ ቤተ ክርስቲያን ከራሷ ልጆች የሚበዙትን በጠላች ነበር።

ምሳሌ ሁሉ በሁሉ አይገጥምም። በሰማንያ የተጋቡት ወንድና ሴት በንስሓ ተመልሰው በቍርባን ጋብቻቸውን ሊፈጽሙ ይችላሉ፤ አሁን ለምንናገርለት ጉዳይ ግን ይህ መንገድ የለውም። ይህን ልዩነት አንሰውርም። ሆኖም ምሳሌው ለተፈለገበት ነገር ይበቃል፤ ይኸውም ሕግ ያወቀውን ቤተ ክርስቲያን ሳታውቀው ልትቀር እንደምትችል፥ ይህም የሰውየውን ሰብአዊ ክብር እንደማይነካ ማሳየት ነው።

የዚህም ተቃራኒው በታሪክ ተገኝቷል። በአሜሪካ እስከ 1967 ድረስ 16 ግዛቶች ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ በሕግ ይከለክሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። አንድ ጥቁር ክርስቲያንና አንዲት ነጭ ክርስቲያን በካህን ፊት ቢጋቡ፥ በእግዚአብሔር ፊት ባልና ሚስት ሲሆኑ በሸሪፉ ፊት ግን ወንጀለኞች ነበሩ። ስለዚህ የመንግሥት መዝገብ አንዳንድ ጊዜ ጋብቻ የሆነውን አላየም፤ አንዳንድ ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የማትለውን ጽፏል። ሃይማኖቱን በመዝገብ ላይ የመሠረተ ሰው መዝገቡ ሲለወጥ አብሮ ይናወጣል።

፬. እንግዳን ስለ መቀበል

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። አንድ ምእመን፥ «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ጋብቻ ካልተቀበለች፥ በዚህ ምክንያት የሚገባው እንግዳ ከአገር እንዲወጣ መመኘት አይገባኝምን?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን?

መልሳችን፥ ተክሊል መከልከልና ሰውን ከምድር ማሳደድ በአንድ ሥልጣን አይሠሩም የሚል ነው። ተክሊሉን የምንጠብቀው አደራው ለእኛ ስለ ተሰጠ ነው፤ ምድር ግን የእግዚአብሔር ናት፤ ለክህነትም ርስት ሆና አልተሰጠችም። የመኖሪያ ፈቃድ ሰው የት እንደሚያድር የሚነግር የመንግሥት ወረቀት ነው፤ ጋብቻ ምን እንደ ሆነ የሚመሰክር የሃይማኖት አንቀጽ አይደለም።

ይህን የሚያስረዳ ፍርድ በሩማንያ ጉዳይ ተሰጥቷል። ሩማንያ ሕዝቧ በብዛት ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጓም በአንቀጽ 277 ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ ይከለክላል። አንድ የሩማንያ ዜጋና አንድ አሜሪካዊ በ2010 በብራስልስ ተጋብተው፥ ኋላ በሩማንያ ለመኖር ቢጠይቁ ለአሜሪካዊው የመኖሪያ ፈቃድ ተከለከለው። ነገሩ ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ተፈረደ። ፍርዱም የመኖሪያ ፈቃዱ አይከልከል፤ ይህ ግን ሩማንያ እንዲህ ያለውን ጋብቻ በራሷ ሕግ እንድትመሠርት አያስገድዳትም የሚል ነው። የዓለም ዳኞች እንኳ ማደሪያንና የጋብቻን ሥርዐት በሁለት ሚዛን ከመዘኑ፥ እኛ የነፍስ ዳኞች የሆንን ለምን እንደባልቃቸዋለን?

በዚያው ዓመት በሩማንያ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ መሆኑ በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱም ደግፋው ነበር። ነገር ግን ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ከሚያስፈልገው 30 በመቶ ስላነሰ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ ትምህርት የደከመበትን ቤት አዋጅ እንደማይጠብቀው ነው።

እኛም ራሳችን በሰው አገር እንግዶች መሆናችንን አንርሳ። ከ1965ቱ ሕግ በፊት አሜሪካ ለኢትዮጵያ የመደበችው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያ ያለው አጥቢያችን ሁሉ፥ ዲያቆኑም ዘማሪውም፥ በሰፋው በር የገባ ነው። ኦሪት እስራኤልን ስለ መጻተኛ ደጋግማ ስታስጠነቅቅ ምክንያቷ አንድ ነው፤ እነርሱም በግብጽ መጻተኞች ነበሩና። እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ በወረደች ጊዜ፥ ያስጠጋት ሰው ስለ ሃይማኖቷ አልመረመራትም።

በኦሪት ዘኍልቍ በ12ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ሴት ስላገባ ማርያምና አሮን አሙት፤ ማርያምም በለምጽ ተመታች። ይህን ታሪክ የምንጠቅሰው ከሌላ ወገን የመጣችውን ሚስት ጕዳይ ለማሳየት ነው፤ የሙሴ ጋብቻ የወንድና የሴት ጋብቻ መሆኑ ግልጥ ነው። ነገር ግን በእንግዳ ላይ የሚነገር የንቀት ቃል በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት እንደሚመዘን ያሳያል። በ1975 የተጻፈውን ያንን መልስ እናስብ። መሥሪያ ቤቱ ክልከላውን በሕግ ጽፎ ማቆም ይችል ነበር። ስድቡ ለሕጉ ምን ጨመረለት? ክልከላውን ፍርድ ቤት አጸናው፤ ስድቡን ግን ከአንድ ትውልድ በኋላ በይቅርታ መሻር ግድ ሆነ። እውነትን የያዘ ሰው ስድብን ረዳት አድርጎ ቢጠራ እውነቱን ያዋርዳል።

ከዚህ ተነሥተን፥ ለካህናት በተግባር የሚቀርቡትን ጥቂት ጥያቄዎች እንመልስ።

በስደተኞች ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት የሚሠራ ምእመን፥ «የእንዲህ ያሉ ሰዎችን ቃል ስተረጕም በሥራቸው መተባበሬ ነውን?» ይላል። አይደለም። አስተርጓሚ የሌላውን ቃል ያደርሳል፤ ስለ ቃሉ አይመሰክርም። ይልቁንም ቃላቸውን በጥላቻ ቢያጣምም ወይም ቢያጐድል በሐሰት የመመስከር ኀጢአት አለበት።

ሌላው፥ «ጎረቤቶቼ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ሲታመሙ ልጠይቃቸውን?» ይላል። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ቍስሉን አይቶ አሰረለት፤ አስቀድሞ ስለ ኑሮው አልጠየቀውም። ይህም ጥያቄ በዚያው ተመልሷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። አንዲት እናት ልጇ በባዕድ አገር እንዲህ ባለ ውል እንደሚኖር ሰምታ፥ «በሬን ልዝጋበትን?» ብላ ታለቅሳለች። ለእርሷ የምንነግራት የጠፋውን ልጅ አባት ነው። ያ አባት የልጁን ኑሮ መልካም ነው አላለም፤ ደጁንም አልዘጋም። ልጁ ገና በሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ይመለከት ስለ ነበረ ነው። እናቲቱ ሃይማኖቷን ትንገረው፥ ስሙን በጸሎት ታንሣ፥ ስልኩንም ታንሣለት። በሩን የዘጋች እናት ከልጇ ጋር የምትነጋገርበትን የመጨረሻ ቃል አጠፋች ማለት ነው።

«እንዲህ ከሆነስ ልጆቻችን መልካሙንና ክፉውን በምን ይለያሉ?» የሚል ይኖራል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በትምህርት ቤትና በመንገድ አንድ ቃል ሁለት ትርጕም ሲሰጠው ሕፃናት ይደናገራሉ። መድኃኒቱ ግን ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ከአባትና ከእናት ኑሮ እንዲያዩት ማድረግ ነው። ባልና ሚስት ተከባብረው፥ በአንድነት ቈርበው፥ በችግርና በሕመም ሳይለያዩ የሚኖሩበት ቤት ያደገ ልጅ፥ የሕግ መጽሐፍ ምንም ቢል የጋብቻን መልክ ያውቀዋል።

፭. በራሳችን ቤት ያለው ሐሰተኛ ጋብቻ

አሁን ብዙዎች ሊሰሙት ወደማይወዱት ነገር እንመጣለን። ስለ ባዕዳን ጋብቻ ስንከራከር፥ በራሳችን ወገን ተክሊል የጕዞ ወረቀት እየሆነ መጥቷል።

ከ1995 ጀምሮ አሜሪካ በዕጣ ለሚመረጡ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ ስትሰጥ ኖራለች፤ ከአገራችንም ብዙ ሰው በዚህ ሄዷል። ዕጣ የደረሰው ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፥ ዕጣው በወጣ ማግስት ሙሽራ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። በገንዘብ ተዋውለው ባልና ሚስት ነን የሚሉ፥ ፎቶግራፍ ለማስረጃ ብቻ የሚነሡ፥ ካባ ተውሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቆሙ አሉ። ዜግነት ያለው ሰውም ዋጋ ተቀብሎ «አገባሁ» ብሎ ያመለክታል። አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ፥ የስደተኞችን ሕግ ለማምለጥ ብሎ የሚያገባ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። የዓለም ሕግ እንኳ የጋብቻን ሐሰት እንዲህ ከቈጠረው፥ በመሠዊያ ፊት የሚደረገው ሐሰት በእግዚአብሔር ዘንድ ምን ይባላል?

አባታችን አብርሃም በረኀብ ምክንያት ወደ ግብጽ በተሰደደ ጊዜ፥ ነፍሱን ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ናት አለ፤ በዚህም ምክንያት በፈርዖን ቤት መቅሠፍት ወረደ። ሚስቱን እኅቴ ማለት ይህን ካመጣ፥ ፈጽሞ የማያውቃትን ሴት ሚስቴ ማለት ምን ያመጣ ይሆን? አብርሃም የሸሸገው ያለውን ጋብቻ ነበር፤ የዘመናችን ስደተኛ ግን የሌለውን ጋብቻ ይፈጥራል። ድህነትና ጭንቀት ሰውን የት እንደሚያደርሱት እናውቃለን፤ በችግር የወደቀውን ለማዋረድ አንጽፍም። ነገር ግን ተክሊልን ለዚህ መሣሪያ ማድረግ የጋብቻን ስም ከውስጥ ያፈርሰዋል።

እንግዲህ እንጠይቅ። በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለውን ውል በግልጥ፥ በራሱ ስም፥ ለራሱ መንግሥት የሚያስመዘግብ ሰው አለ። በሌላ በኩል፥ በመስቀልና በወንጌል ፊት ቆሞ ያላሰበውን ቃል የሚምል የእኛ ወንድም አለ። ፊተኛው ከቤተ ክርስቲያን ማኅተም አይጠይቅም፤ ሁለተኛው ግን የቤተ ክርስቲያንን ማኅተም የሐሰቱ ምስክር ያደርጋል። የጋብቻን ክብር ለመጠበቅ የምንቀና ከሆነ፥ ቅንዐታችን ከየትኛው ቢጀምር ይሻላል? እያንዳንዱ በኅሊናው ይመልስ።

፮. ለካህናት የሚሆን ቃል

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በእጃችን ያለው ሥራ ነው።

አስቀድሞ፥ ያላየነውን አንፈርም። የጋብቻ ምስክር ወረቀት በባዕድ አገር መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፥ እዚያ ያለው ሹም የሚያነበው የሙሽሮቹን ስም ብቻ አይደለም፤ የካህኑን ቃልና የአጥቢያውን ማኅተም ያነባል። ያላገባውን «በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት አግብቷል» ብሎ የሚጽፍ ካህን፥ ስለ እውነተኞቹ ባልና ሚስትም የሚጽፈው ቃል እንዳይታመን ያደርጋል። በአንዱ ሐሰት ምክንያት እውነተኛዪቱ ሚስት ዓመታት ተለይታ ልትቀመጥ ትችላለች። በእውነት ተጋብተው በባሕር ለተለያዩት ግን በጊዜው መጻፍ፥ መከታተልና ማጽናናት የካህን ግዴታ ነው።

ቀጥሎም፥ ሕግ ሳይመጣ እናስተምር። ብዙ ጊዜ ስለ ጋብቻ የምንሰብከው በሠርግ ዕለት፥ ጆሮ በከበሮና በእልልታ በተሞላበት ሰዓት ነው። ወጣቶች ከመተጫጨታቸው በፊት ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ሊማሩ ይገባቸዋል።

በመጨረሻም፥ ምላሳችንን እንጠብቅ። የአሜሪካ ሕግ ካህናት የማያምኑበትን ጋብቻ እንዲፈጽሙ እንደማይገደዱ መደንገጉን ከላይ ተናግረናል። መንግሥት ለእኛ ለኅሊናችን ይህን ያህል ስፍራ ከተወልን፥ እኛም ለሌላው ሰው ቢያንስ ክብሩን ልንተውለት ይገባናል። በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን ኀጢአትን ስንገሥጽ፥ ምናልባት ከሕዝቡ መካከል ያ የምንናገርለት ሰው ወይም እናቱ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። በእውነት የተገሠጸ ሰው ይመለስ ይሆናል፤ የተሰደበ ሰው ግን ወደ ሰደበው ደጅ አይመለስም።

ተክሊሉን እንደ ተቀበልነው እንጠብቅ፤ እንግዳውንም እንደ ተቀበሉን እንቀበል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለሰው ይከብዳል፤ አደራ የሰጠን ጌታ ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን ጣሉ አላለንም። እርሱ ለሁላችንም ማስተዋልን ይስጠን፤ በባሕር ማዶ ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።